አስር አለቃው ሲከራከርልኝ

የያዙኝ ሳስተምር ነው። ሆሳዕና ውስጥ በተከራየኋት ክፍል፣ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ሠራተኞችን ከሥራ መልስ አስጠና ነበር። እኔ ራሴ ሕግ ጀምሬ ያቋረጥኩ ነኝ፤ ጨርሼው ቢሆን ጠበቃ እሆን ነበር እንጂ አስጠኚ አልሆንም። ዘዴዬ አንዲት ናት፦ ተማሪው መጀመሪያ ለማይወደው ወገን ይከራከራል። የዚያን ዕለት አባቱ ጭሰኛ የነበረ አንድ የግብርና ሠራተኛ ለባላባቱ እንዲሟገት አዘዝኩት። ነገሩ ጥሞት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አብዮት ጥበቃዎች በሩን ከፈቱ። ተማሪዎቹን ለቀቋቸው፤ አስጠኚውን ያዙ።

የጣቢያው ክፍል ጠባብና እርጥብ ነበር። የሽንቱ ባልዲ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ በደንቡ መሠረት አዲስ ገቢ ባልዲው አጠገብ ይተኛል። ይህን ያስረዳኝ ካቦው፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ የጃጁራ ቅቤ ነጋዴ ነበር። እሱ የገባ ዕለት ጠባቂያችን አስር አለቃ ጎኑን በርግጫ ስላለው፣ ደንቡን የነገረኝ እያቃሰተ ነው።

እርጥበቱ ጉልበቴን መያዝ ሲጀምር ይኸው አስር አለቃ ወደ ግቢው ጠራኝ።

«መምህር፣ ያንን ፈተና እኔም ልወስድ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካለፍኩ ከዚህ ሥራ እገላገላለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ፀሐይ ትሞቃለህ።»

ለጉልበቴ ስል ተስማማሁ። «እንግዲያው ለማትወደው ወገን ተከራከር» አልኩት። ተማሪዬ ሆኗልና «አንተ» አልኩት። «ለእኔ።»

መጀመሪያ ግራና ቀኝ እያየ ያንሾካሽክ ነበር። «ጮክ በል፤ ዳኛው አይሰማህም» እለዋለሁ። እየዋለ እያደረ ሞቀው። አንድ ከሰዓት በኋላ እጁን እያወናጨፈ፣ «ይህ ሰው ክሱ ሳይነገረው በምን ሕግ ይታሰራል? አስተማሪ ካላስተማረ ምን ይሥራ?» አለ። እንደዚያ አድርጎ የተሟገተልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም፤ እንባዬ መጣ። ቀና ስል የጣቢያው አዛዥ ከኋላው ቆሟል።

«ጨርሰሃል?» አለው አዛዡ።

«አልጨረስኩም ጓድ ሻምበል፤ ማጠቃለያው ይቀራል።»

ቀበቶውን አስፈትተው ከእኛው ጋር ዘጉበት። ርግጫውን ያልቀመሰ ጥቂት ነበርና አንዳንዱ እጅጌውን ይሰበስብ ጀመር። አጥንቱን ሊሰብሩት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለዚህ ያበቃው ደግሞ የእኔው ትምህርት ነው።

«መጀመሪያ ክርክር ይሰማ» አልኩ።

«ማን ይከራከርለታል?» አለ ካቦው።

«የማይወደው።»

ሁሉም ወደ ካቦው ዞረ። «ወይ ጉድ» አለና ጎኑን ይዞ ተነሳ።

«ይሄ ሰውዬ ሲረግጠኝ እኔ መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ እኛ ብንረግጠው እሱም መመለስ አይችልም። ታዲያ እኛ ከሱ በምን ተሻልን?» ወደ በሩ አመለከተ። «ባልዲው ጋ ይተኛ እንዳትሉ ደግሞ፣ ጎኔን ከመታኝ ወዲህ በአንድ ጎን ብቻ ነው የምተኛው። ቦታ ተርፎኛል።»

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ካቦው ምንጣፉን ስቦ ተጠጋለት። አስር አለቃው ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አጠገቡ ተኛ።

ፈተናው እሱ ታስሮ እያለ አለፈ። አሁን የሚኖረው ዳምቦያ ነው፤ እኔም እዚሁ ሆሳዕና ያንኑ ፈተና በዚያው ዘዴ አስጠናለሁ። ሁለታችንም ሸብተናል። ገበያ ላይ በተገናኘን ቁጥር፣ «መምህር፣ ማጠቃለያዬ ይቀራል እኮ» ይለኛል።

«ተወው» እለዋለሁ፣ «ቅቤ ነጋዴው ጨርሶታል።»