ጆሮ ያለው መብራት

የአሰበ ተፈሪ ሰው ዝቅ አድርጎ መናገር የማይችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምስጢርና ሰላምታ። ምስጢሩን ሂርና ላይ ይሰሙታል፣ ሰላምታውን ከቦኬ ይመልሱለታል። ከዚህ ሁሉ ጯሂ መሀል ደግሞ ዘውዱን የደፋችው የመናኸሪያዋ ትኬት ቆራጭ ባየች ነበረች። መናኸሪያው አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያ ተገዝቶለት ነበር። ባየች ከመስኮቷ ሆና «የሚኤሶ ሰው፣ ግባ!» ብላ ስትጠራ ድምፅ ማጉያው አፍሮ ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠግነውም አልመጣ፣ የፈለገውም የለም። ስትስቅማ ከቆርቆሮው ላይ ርግብ ይነሣል፣ ጋቢና ውስጥ ያሸለበ ሾፌር በእንቅልፍ ልቡ መሪ ይጨብጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ባየች ተዋናይት ነበረች። ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ሞባይል ያለው ሰው ሞባይሉን እንደ ክታብ ባንገቱ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድበት፣ ወጣቱ ቪዲዮ ቤት ተጨናንቆ ካራቴ የሚያይበት ዘመን ነበር። ከአውራ ጎዳናው ዳር የነበረችው የቀበሌ አዳራሽ አማተር የቴአትር ክበብ ነበራት። ወንበሮቿ ቀሚስ ይነክሳሉ፤ መጋረጃዋ ከአልጋ ልብስ የተሰፋ ስለሆነ አልፎ አልፎ ባለቤቱ መጥቶ «እንግዳ ሊያድርብኝ ነው» ብሎ ይዞት ይሄዳል። ቢሆንም ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ከተማው ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። ዛሬ አዳራሿ የስሚንቶ መጋዘን ሆናለች። ስሚንቶው ስንቱን ሳቅ ተንተርሶ እንደሚተኛ አያውቅም።

በዚያ መድረክ ላይ ባየች አማት ሆናለች፤ ነገረኛ ጎረቤት ሆናለች፤ ሰካራም ባሏን በጆሮው ይዛ የምትጎትት ሚስት ሆናለች። ገና ጫማዋ ከመጋረጃው ሥር ሲታይ ሰው ይስቃል። አንድ ጊዜ ቃሏ ጠፍቶባት ዝም ብላ ብትቆም፣ ሁለት ሰው ከወንበር ወደቀ። የሳቁ አለቃ ሞሚና ነበረች፤ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ጫት የምትሸጥ፣ የባየች የልብ ጓደኛ። ሞሚና ከሳቀች የፊተኛው ረድፍ ይስቃል፣ የፊተኛው ከሳቀ አዳራሹ ይስቃል፣ አዳራሹ ከሳቀ ውጭ የቆሙ አህዮች ያናፋሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ባየች ነጋሽን ጥግ ላይ ያዘችው። ነጋሽ የክበቡ ደራሲና አዘጋጅ ነው፤ በእንጀራው ከብት ከታቢ።

«ነጋሽ፣ እባክህ አንድ ቀን ግደለኝ» አለችው።

«በስመ አብ! ምን ሆነሽ?»

«መድረክ ላይ ነው እንጂ! ሃምሳ ልደፍን ነው። ይሄ አገር ሲስቅብኝ ኖረ። ምነው አንድ ሰው አልቅሶልኝ ባየው?»

ነጋሽ ሊስቅ ከጀለና ዓይኗን አይቶ ተወው። ለሦስት ሳምንት ያህል ከተማው ውስጥ ላሞች ሳይከተቡ ከረሙ፤ ቴአትሩ ግን ተጻፈ። ልጇ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዶ የቀረባት እናት በር በሩን እያየች ትኖራለች። በመጨረሻው ትዕይንት ጨረቃዋ ከመስኮቱ ተነሥታ ቀስ እያለች አልጋዋ ላይ ትደርሳለች፤ ያኔ እናትየው ትሞታለች፤ ልጁም ያኔ ይገባል።

ችግሩ ጨረቃዋ ነበረች። ክበቡ ያሉት ሁለት አሮጌ ፓውዛዎች ከቆሙበት የማይንቀሳቀሱ፣ ተዋናይ ከማብራት ይልቅ ተዋናይ የሚጠብሱ ነበሩ። እነሱን ለአንድ ጋራዥ ሸጡና፣ አባላቱ ካዋጡት ጋር ደምረው፣ የሚንቀሳቀስ መብራት እንዲገዙ ነጋሽንና ባየችን ወደ ድሬዳዋ ላኳቸው። ባየችን የማያውቅ ሾፌር ስለሌለ በነጻ ነው የሄዱት። ሂርና ላይ ጫት የሚጭነው ሁሉ «ባየች! ባየች!» እያለ ተጣራ፤ ከደንገጎ ቁልቁል ሲወርዱ ዝንጀሮዎቹም የጠሯት መስሏት እጇን አውለበለበች።

የድሬዳዋ ሙቀት ነጋሽን እንደ ቅቤ ሲያቀልጠው፣ መስዑድ የሚባል ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አስቀመጣቸውና ሦስት መብራት ደረደረላቸው። አንደኛው ባለ ሳጥን ነው፤ ቁልፍ ሲነኩት ይሄዳል፣ ሲነኩት ይቆማል። መስዑድ ዋጋውን ሲጠራ ነጋሽ ከሙቀቱ ይልቅ እሱ አላበው። ሁለተኛው አሮጌ ነው፤ አንድ ነጭ ብርሃን ብቻ ያለው፣ በእጅ ቀስ ብለው የሚያዞሩት። ሦስተኛው ዋጋው ከአሮጌው እኩል፣ ቀለሙ ግን ከነቀስተ ደመናው።

«እናቴ፣ ወላሂ አልዋሽሽም» አለ መስዑድ ሦስተኛውን እየሰካ፣ «ይሄኛው ለሠርግ ነው። ጆሮ አለው። ድምፅ ሲሰማ ቀለም እየቀያየረ ይዞራል፣ ዝም ሲሉት ሰማያዊ ሆኖ ባለበት ይቆማል።»

«ጆሮ አለው? የት ነው ጆሮው? የጉትቻ ማንጠልጠያም አለው?» ብላ ባየች ያንን ሳቋን ለቀቀችው።

መብራቱ ብድግ አለ። ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ጣሪያውን ዞረ፣ የመስዑድ ግንባር ላይ ወይን ጠጅ አፈሰሰ። ባየች አፏን ያዘች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላውን ስትሸኝ የኖረች ሴት ናት፤ እሷን ብሎ የተነሣ ነገር አይታ አታውቅም።

«ነጋሽ፣ አየኸው? ተነሣልኝ እኮ!»

«አሮጌው ነው የሚሻለን። እኛ መብራት የፈለግነው ለሞት ነው፣ ይሄ የሠርግ ነው» አለ ነጋሽ።

«ዝም ሲሉት ይቆማል አላለህም? ሲሞትስ ማን ይናገራል?»

ነጋሽ መልስ አጣና ዝም አለ። መብራቱም ቆመ፤ ገዙት። ሁለቱም ከየት ከተማ እንደመጡ የረሱት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነው አዳራሹ ጨልሟል፤ መብራቱ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። በልምምድ ጊዜ አዳራሹ ባዶ ስለነበር ጨረቃዋ ጨዋ ነበረች። ባየች ሳል ስታደርግላት አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ ዝም ስትላት ትቆማለች። አሁን ግን ባየች ገና ብቅ ስትል ሰው ሳቀ፤ ጨረቃዋም ሥራዋን ለቅቃ ጭፈራ ገባች። እንደምንም ተጎትቶ ሞቱ ደረሰ። ባየች ጮክ ብላ ተናዘዘችና ትራሷ ላይ ወደቀች። ልጅ ሆኖ የሚጫወተው ሌሊሳ በሩን በርግዶ «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። መብራቱ ቀላ። አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሞሚና ፈነዳች። በዚህ ላይ ወደ ድሬ የሚበር የጫት አይሱዙ በአዳራሹ ፊት ሲያልፍ ክላክሱን ነፋው። ክፋት አይደለም፤ ባየች ቅዳሜ እዚያ እንዳለች የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ሰላም ሳይላት አያልፍም። መብራቱ አበደ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ በሬሳዋ ላይ ተራወጡ፤ ሰው በጭብጨባ ተቀበለ፤ ከኋላ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ባየች በዚያ አገር በእልልታ የሞተች የመጀመሪያዋ እናት ሆነች።

«አንቺ፣ እንዲህ ያለ ሞት!» አለች ሞሚና በር ላይ ጠብቃ፣ እንባዋን እየጠረገች፤ የሳቅ እንባዋን። «ሆዴ ተቀደደ እኮ! ነገም ሙቺልን!»

ባየች ነጠላዋን ተከናንባ ሄደች።

ጨዋታው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል። ነጋሽ የመብራቱን ጆሮ በጥጥ ደፈነው። ይሄ ባሰ፤ እንደ ደነቆረ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይናገር የተሰደበ እየመሰለው በራሱ ጊዜ ይዞር ጀመር። ጥጡን አወጡለት።

«ከመጀመራችን በፊት ሰውን ዝም በሉ ብዬ ልለምን» አለ ነጋሽ።

«ተው፣ ተለምኖ የመጣ ዝምታ ለኔ ምን ይረባኛል» አለች ባየች።

ያን ሳምንት መናኸሪያው ግራ ገባው። ባየች ቅስሟ ተሰብሮ ድምፅ የማውጣት አቅም አጣች። ሰኞ ጠዋት «ሐረር፣ ሁለት ቦታ ቀርቷል» ያለችው ለራሷ ያህል ነው። መስኮቱ ሥር ሲጋፋ የነበረው ሰው ቀጥ አለ። «ምን አለች?» «ዝም በሉ እስቲ፣ ባየች እያወራች ነው!» ግፊያው ቆመ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጠ። ባየች ቀና ብላ አየቻቸው። ሌላ ነገር ተናገረች፤ ከፊተኛውም ያነሰ። ይባስ ብለው ተጠጉ። ትኬቱን በእጇ እንደያዘች ረጅም ጊዜ አሰበች።

ቅዳሜ አዳራሹ ሊፈነዳ ደረሰ። የቀለም ሞት አለ ተብሎ ከሂርናም፣ ከመሰላም ሰው ለመሳቅ መጣ። ሞሚና ጫቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ፊት ወንበር ላይ ተደላድላ፣ ገና ከአሁኑ ከንፈሯን ታሟሙቃለች።

ባየች ገባች። ሰው ሳቀ። መብራቱ ዞረ። እሷ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቃል ለትራሷ የምትነግር ያህል ተናገረችው።

«ምን አለች?» አለ አንዱ። መብራቱ ዞር አለ። ሰውየው መብራቱ ያሳበቀበት መሰለውና አንገቱን ቀበረ። «እሽሽ!» አለች ሌላዋ፤ መብራቱ ወደዚያ ተንቀሳቀሰና እሷም አፏን ያዘች። ባየች ድምፅዋን ይበልጥ ቀነሰች። አንድ በአንድ ወንበሩ መንጫጫት ተወ፤ ሳል የያዘው ሳሉን ዋጠ። ሰማያዊዋ ጨረቃ ቆመች። ምስጢር የማያውቅ ከተማ፣ አንዲት እናት ልጇን በሹክሹክታ ስታማ አዳመጠ። የሞቱ ሰዓት ሲደርስ ቃሏ ከንፈሯ ላይ ብቻ ነበር። ሌሊሳ እንኳ «እማዬ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተና አልቻለም፤ ገብቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ።

ያኔ ነው አይሱዙው የመጣው።

ከሩቅ ተሰማ። ነጋሽ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኑን ጨፈነ። ሾፌሩ ባየችን ከነፍሱ የሚወድ መሆን አለበት፤ ክላክሱን ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ነፋው። መብራቱ ተነሥቶ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ አልጋውን በቀለም ገረፈ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ ለቅሶ ቤት እያየ!» አሉ። መኪናው አለፈ። መብራቱ ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ አልጋው ላይ አልተመለሰም፤ ፊት ወንበር ላይ ሄዶ ቆመ።

ባየች ሞታለች። የሞተችው ግን በአንድ ዓይኗ ነው፤ ሌላውን እንደ በር ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። በዚያ ቀዳዳ ሞሚናን አየቻት። ሰማያዊው ብርሃን ሙሉ በሙሉ ፊቷ ላይ ነው። ሞሚና የሻሿን ጫፍ ነክሳ ይዛለች፤ ጉንጯ ከላይ እስከ ታች ርሷል፤ ለመጥረግ እንኳ እጇን አላነሣችም።

ከባየች ሆድ ሳቅ ተነሣ፤ የደስታ ሳቅ፣ ያ ርግብ የሚያስነሣው። ደረቷ ላይ ደረሰ። አንዲት ትንፋሽ ብታመልጣት መብራቱ ይጨፍራል፣ ሁሉም ነገር ያበቃል። ሬሳዋ ጥርሷን ነከሰች፤ ከአልጋ ልብሱ ሥር ጭኗን ቆነጠጠች። አልጋው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሌሊሳ ይህንን አይቶ የእውነት ጭንቅ መስሎት የእውነት አለቀሰ።

መጋረጃው ተዘጋ። ያኔ ለቀቀችው። ሳቋ ከአልጋ ልብስ መጋረጃው ማዶ ተወርውሮ ወራጁ ላይ ደረሰ፤ መብራቱም ብድግ ብሎ እንባው ባልደረቀ ሕዝብ ፊት ላይ ቀይና አረንጓዴውን ይረጭ ጀመር፤ ሕዝቡም እያለቀሰ አጨበጨበ።

ሞሚና ማልቀሷን እስከ ዛሬ አላመነችም። «የጫት ገለባ ዓይኔ ገብቶ ነው» ትላለች፣ በዚያው ቦታ ተቀምጣ፣ የስሚንቶ መጋዘኑን እያየች።

«ሁለቱም ዓይንሽ ውስጥ?» ትላታለች ባየች።

«ዞር በይልኝ፣ አንቺ ሬሳ!»