ከአባቴ የወረስኩት ኮሌስትሮል

መጀመሪያ ያየሁት በግራ ዓይኔ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ብላ የወጣች ቢጫ እብጠት ናት። ፒያሳ መነጽር ቤት ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነኝ። አታምም፤ ተውኳት። ቀጭን ነኝ፣ ጾም አልገድፍም፣ ጮማ አልወድም። ዕድሜዬም ገና ሠላሳ ስምንት ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ስወጣ ደረቴ ተጨመደደ። ግራ እጄ ደነዘዘ። ላብ አጠመቀኝ። ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። እዚያው ካልሲ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ለጎረቤቷ ጥላ፣ ታክሲ አስቁማ ሆስፒታል አደረሰችኝ። እግዜር ይስጣት፤ ያለሷ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሃርት አታክ ነበር። የተዘጋውን የልቤን ቧንቧ ስቴንት በሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ከፈቱት።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ሐኪሟ መጣች።

«ስብ እኮ አልበላም!» አልኳት። የገዛ ገላዬ የከዳኝ መስሎኝ ነበር።

«ስብ ጠላት አይደለም» አለችኝ። «ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ የሰውነት ስንቅ ነው፤ ከቆዳ ሥር ሆኖ ያሞቃል፣ ኩላሊትን ከግጭት ይከላከላል። ኮሌስትሮል ደግሞ ለሴል ሽፋንና ለሆርሞን መሥሪያ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጉበት ራሱ ያመርተዋል። ኤልዲኤል የሚባለው ተሸካሚ በደም ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ኤችዲኤል የሚባለው ደግሞ የተረፈውን ወደ ጉበት ይመልሳል። የእርስዎ ጉበት ግን ኤልዲኤሉን ከደም በደንብ አያነሣም፤ ተጠራቅሞ የልብዎን ቧንቧ ዘጋ። ዓይንዎ ላይ ያለው ቢጫ እብጠትም እሱ ነው። በዘር የሚመጣ ነው። ወንድምዎም ይመርመሩ።»

ወንድሜ አቀረቀረ። «እኔ መድኃኒት ላይ ነኝ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

ያኔ የመረመረው ሐኪም ለእኛም እንዲነግር አዝዞት ኖሯል።

«ለምን አልነገርከንም ጋሼ?»

«እህታችን ልታገባ ነበር። በሽታ ያለበት ዘር እንዳንባል ብዬ…»

አባታችን በአርባ ሁለት ዓመቱ ድንገት ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አሁን ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን በየቀኑ እወስዳለሁ፤ ለወጥ የምትገባውን ቅቤም ትቼ ተልባና አቮካዶ እበላለሁ፣ ጠዋት ጠዋትም ቀስ እያልኩ እስከ አምስት ኪሎ እየተራመድኩ ትንፋሼ ሲመለስ ይሰማኛል። እህቴ ተመርምራ ተገኘባት፤ በጊዜ ደረስንላት። የዘጠኝ ዓመት ልጄም ተገኘባት። ወንድሜ ሲደውል አነሳለታለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ ለማለት ግን ገና አፌ አልደፈረም።

ከቤታችሁ ሰው በወጣትነቱ በልብ ሞቶ እንደሆነ፣ ቅጥነታችሁን አትመኑ፤ ደማችሁን አስመርምሩ። ከተገኘባችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ክኒን ሳትውጡ ለእህት ወንድሞቻችሁ ደውሉ።