የጌሙ አንባቢ

ወንድሜ ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ትዕግሥቱ ለስልክ ብቻ ነው፤ ለሰው የለውም። ባለፈው ክረምት ግን የልጅነት ጌሙን ከአንድ ደንበኛ ሚሞሪ አግኝቶ ስልኩ ላይ ሲጭን፣ ያ ኮስታራ ፊቱ ባንዴ የጎረምሳ ፊት ሆነ። «ሰብሊ፣ ነይ እይው!» ብሎ ጠራኝ። ጠጉሩ ብር የመሰለው የጃፓን ልጅ ሰይፉን ታጥቆ ከመንደሩ ሲወጣ ሳይ እኔም እንባዬ መጣ።

ጌሙን የምናውቀው ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረው ጌም ቤት ነው። ሌላው ሁሉ የኳስ ጌም ሲጫወት ወንድሜ ብቻ ይህን ማለቂያ የሌለው ታሪክ ይዞ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ጌሙ በየመንገዱ ሰው እያስቆመ ያናግራል፤ ንግግሩም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ክንፌ ጭንቅላቱ ድንጋይ ነበር። ስለዚህ የክፍሉ ልጅ ዘርትሁን ያነብለታል። ዘርትሁን ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ዘግይቶ አስኳላ የገባ የገጠር ልጅ ነው። እንደ መጻሕፍት መምህር ጉሮሮውን ይጠርግና አንዱን መስመር በሁለት በሦስት መንገድ ይፈታዋል፤ «ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤ አንድም እንዲህ ማለታቸው ነው» ይላል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እሰማለሁ።

ጌሙ ውስጥ ጉድጓድ አጠገብ የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዘርትሁን እንደነገረን፣ ልጃቸው ዘምቶ ቀርቶባቸዋል፤ ሲመለስ ፈረሱን የሚያጠጣበት ውኃ እንዳያጣ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ። ድልድዩ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ ወንድሞቿ በርስት ተጋድለው፣ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግራ የገባት ናት። ኳስ ተጫዋቾቹ እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር። ያን ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር!

ጌሙ እኩሌታው ላይ ሳለ ዘርትሁን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ክንፌ ፈተናውን ወደቀ። «ያለ እሱ አልቀጥልም» ብሎ ማለ፤ አልቀጠለምም። ዘርትሁን ተመርቆ ቡሬ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ መደዋወሉም የዓመት በዓል ብቻ ሆነ።

ክንፌ የጥገና ቪዲዮ ሲያይ ኖሮ ዛሬ እንግሊዝኛ ይገባዋል። ብቻውን ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስልኩን አይለቅም። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ሰብሊ፣ ሽማግሌው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ጉድጓዱ ደርቋል፤ ገመድ ከሱቅ ግዛ።› በቃ! ልጅ የለው፣ ፈረስ የለው!»

ሴትዮዋም ድልድዩ ሲመሽ እንደሚዘጋ ነው የምትናገረው። ክንፌ ትንሽ ታገለ። ጭራቅ ይገድላል፣ ሰይፍ ይለውጣል፣ ያዛጋል። ድሮ ካቆሙበት ከተራራው በር ሲደርስ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠና «ሰለቸኝ» አለ። መሰልቸት ብቻ አልነበረም፤ አዝኗል። ካዘነ ደግሞ መቆጣት ልማዱ ነው። «ወዳጄ ያልሁት ሰው ቂል አድርጎኝ ኖሯል! ፊቱ ላይ ነግሬው ይብቃን» አለ።

መንገዱ ሰላም በሆነ አንድ እሑድ ወደ ቡሬ ሄድን። እኔ የሄድሁት ላገላግል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጠቡም እንዳያመልጠኝ ነው። ማንኩሳን እስክናልፍ የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር።

ዘርትሁን በሩ ላይ አቅፎ አልለቅ አለው። ሚስቱ ንግሥቴ ጠላ ቀዳችልን። ክንፌ ገና «ያ ጌም» ሲል ዘርትሁን አንገቱን ደፋ።

«አገኘኸው? እንግዲያስ ጉዴን አውቀኸዋል» አለ። «እንግሊዝኛው መች ይገባኝ ነበር! አንዳንድ ቃል እለቅምና የቀረውን ከራሴ እሞላዋለሁ። አላውቅም ብልህ ሌላ አንባቢ ታመጣለህ ብዬ ፈራሁ። በዚያ ከተማ ከጎኑ የሚያስቀምጠኝ ሰው አንተ ብቻ ነበርህ።»

ክንፌ የጨበጠውን ጠላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በል ንገረኝ፣ ብዙ ሳትሁ?»

«ብዙም አልሳትህ» አለ ወንድሜ፣ ዓይኔን እየሸሸ። «ከተራራው በር ወዲያ ግን አላነበብሁም። አንተን ስጠብቅ ነው» ብሎ ስልኩን ከፍቶ ሰጠው።

በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈው «ያለ ቁልፍ ማለፍ አይቻልም» የሚል ነው፤ እኔም አንብቤዋለሁ፤ ዲግሪ የያዘው ዘርትሁንማ እንዴት ይጠፋዋል! ጽሑፉን ትኩር ብሎ አየው።

«ይህ ዘበኛ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሩን የዘጋው ወዳጁን ተቀይሞ ነው። ወዳጁ ከተማ ቀይሮ፣ ሥራ በዛብኝ እያለ ሳይጠይቀው ቀርቷል።»

ክንፌ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።

«እና ምን ይሻለዋል?» አለው።