እስክንድርያን ያላየችው ልጅ

ሁለት የንስሐ አባት ቀብሬአለሁ፤ ለሁለቱም ይህን አልነገርኳቸውም። ጾም መሻሬን፣ ምላሴን፣ ጎረቤት ማማቴን ነግሬአቸው ቀኖና ተቀብያለሁ፤ ስገጂ ያሉኝን ያህል ሰግጃለሁ። ይህኛው ግን ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ፤ በሱ ፈንታ ሐሜቴን እናዘዛለሁ። አሁን እግሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማያደርሰኝ አሮጊት ሆኜ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው ነው። ለምን ለእናንተ? ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል። ፈሪ መሆኔን ከመጀመሪያው እወቁልኝ።

የደብረ ብርሃን ሴት ነኝ። ባሌ ጌታነህ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ባቆመው የወፍጮ ቤት ውስጥ የሞተሩ ኃላፊ ነበር። ሲያገባኝ ሚስቱ ሞታበት፣ አስካለ የምትባል ትንሽ ልጅ ትታለት ነበር። እኔም ሰሎሞንንና ሂሩትን ወለድኩለት። ስለ አስካለ ብትጠይቁኝ አልመታኋትም፣ አላስራብኳትም፣ ልብሷን ከልጆቼ ልብስ ጋር አጥባለሁ። እንደ ተረቱ የእንጀራ እናት ብሆን ኖሮ አንድ ጎረቤት አይቶ ይገሥጸኝ ነበር። የኔ ክፋት ነጠላ አጣፍቶ ነው የሚሄደው።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀናሁ። ጌታነህ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠራው የሷን ስም ነበር። ፊቷ የሟች እናቷ ፊት ነው ይሉኛል፤ ሟቿን አላውቃትም፣ ግን በየቀኑ ምሳ አቀርብላት ነበር። የሚገርማችሁ፣ ልጅቱ ታግዘኝ ነበር። ሂሩትን አዝላ ነው የምታጠናው። ያንን ሁሉ አያለሁ፤ አይቼም እቀናለሁ።

ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ባለው ዓመት ነጋዴው (ሙሴ ያኒ እንለው ነበር፤ ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው) ወንድሞቹ ወዳሉባት ወደ እስክንድርያ ሄዶ ሊያርፍ ተነሣ። ታሞ በተኛበት ክረምት ጌታነህ ወፍጮውን እንደራሱ ንብረት ጠብቆለት ስለነበር፣ ውለታውን ለመመለስ ከነልጆቻችን አብረን እንድንሄድ ጋበዘን። እስክንድርያ ለኛ ድሮ ጳጳስ የሚመጣባት አገር እንጂ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚዝናናባት አልነበረችም። ጎረቤቶቼ «ማን ታሞባችሁ ነው?» አሉኝ። ባሕር ማዶ የሚሄደው ወይ ሊታከም ወይ ሊማር ነዋ። ለዕረፍት ነው ስላቸው ሳቁብኝ። «ከምኑ ልታርፉ?»

ለጉዞው ሁላችንም የፈንጣጣ ክትባት ተከተብን። ልጆቼ ደህና ሆኑ፤ የአስካለ ክንድ ግን አበጠ፣ ቀላ፣ ትኩሳትም ያዛት። ጌታነህ በጉዞው ጉዳይ አዲስ አበባ ነበርና ወደ ጤና ጣቢያው የወሰድኳት እኔ ነኝ። ድሬሰሩ ክንዷን አገላብጦ አየና ሳቀ። «ይሄማ ክትባቱ ያዘ ማለት ነው። በሦስትና በአራት ቀን ይወርዳል። አይዞሽ፣ አውሮፕላኑ አያመልጥሽም!» አላት። እሷም ሳቀች።

ከጤና ጣቢያው እስከ ቤታችን ሩቅ አይደለም። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው የወሰንኩት። አንድ ወር ብቻ፣ አልኩ። እኔና ባሌና የወለድናቸው፣ ሌላ ሰው የሌለበት አንድ ወር። ጌታነህ በጥምቀት ዋዜማ ሲመለስ የልጅቱን ክንድ አሳየሁትና «ድሬሰሩ ተመርዟል አለ፤ መንገድ አትችልም፣ አየር ላይ ብትወጣ ይብስባታል አለ» አልኩት። ሰውዬው አመድ መሰለ። «እንግዲያስ እንቅር» አለ። እኔም ብልጧ «እንቅር» አልኩት። ሙሴ ያኒን አሳፍሮ እንደማይቀር አውቅ ነበር። በነጋታው ራሱ ወደኔ መጥቶ «አያቷ ዘንድ ትቆይ ይሆን?» አለኝ። ከኔ አፍ ሳይሆን ከሱ አፍ ወጣ። እንዲህ ነበር የማደርገው።

አስካለ አላለቀሰችም። አባቷ የእግሯን ልክ በክር ለካ፤ ለትምህርት ቤት የሚሆን ጫማ ሊያመጣላት። እሷ የጠየቀችው «ሂሩትን አውሮፕላኑ ላይ ማን ይይዛታል?» ብላ ነው።

አያቷ እመት በላይነሽ አንኮበር፣ ከጎረቤላ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው ቤታቸው። በበቅሎ ቀን ሙሉ ተጉዘን አደረስኳት። እኩል መንገድ ሳንደርስ ትኩሳቱ ለቋት ነበር፤ ትዘፍን ነበር። እሷ ስትዘፍን እኔ የበቅሎዋን ጆሮ እያየሁ ሄድኩ። አስረክቤ ተመለስኩና ሄድን።

እስክንድርያ ጥሩ አገር ነበር። ክፉ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ካረፍንበት ቤት ደጅ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ባቡር ነበር፤ ሰሎሞን ደወሉን በሰማ ቁጥር ይሮጣል፣ እኔ እከተላለሁ። ባሕሩን መጀመሪያ ያየን ዕለት ሂሩት «ማን አፈሰሰው?» አለች፤ ጌታነህ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «አስካለ ይህን ብትሰማ» አለ። ማታም በምግብ ላይ «አስካለ ይህን ዓሣ ብታይ» ይላል። አንድ ወር ሙሉ ከኛ ጋር ያልሄደችዋ ልጅ ከማናችንም በላይ እዚያ ነበረች። እኔም ከሁለት ሕፃን ኋላ ስሯሯጥ ውዬ ወገቤ ሲቆረጥ ነው ቤቴን ማን ይሸከም እንደነበር የገባኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

አንድ ቀን ሰሎሞን የሎሚናዳ ጠርሙስ ባሕር ውስጥ ነክሮ ሲሞላ አገኘሁት። ምን ያደርግልሃል ብለው «ለአስካለ ክንድ» አለኝ። ጸበል መስሎት ነው። ክንዷ እንዲድን። መልሰህ ድፋው አልኩት፤ አለቀሰ፣ አባቱ ደግሞ ሞላለት። አልጋ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ፀሐይ መታት አሉኝ።

ለምን ፊቴን አዞርኩ? በጠርሙሱ አይደለም። እስካሁን የነገርኳችሁ የቀለለውን ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከአንኮበር ሽማግሎች መጥተው አስካለን ለአንድ ባለርስት ልጅ ጠይቀው ነበር። ጠላ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ። ጌታነህ ገና አራተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድርም ብሎ መለሳቸው። እመት በላይነሽ ይህን ሲሰሙ አብደው ነበር። አንድ ልጃቸው ሞታ የቀረቻቸው አንዲት የልጅ ልጅ ናት። «ልጅቱ ቆማ ልትቀር ነው! ሳልሞት ወግ ማዕረጓን ልይ!» እያሉ መልእክት ይልኩ ነበር። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ የሠርግ ጊዜ መሆኑን የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም ያን ልጅ በዚያ ሰሞን፣ ከዚያ ቤት፣ አባቷ ባሕር ማዶ ሲሆን አስቀመጥኳት።

ይህም ሳይበቃኝ፣ ልመለስ በቅሎዬ ላይ ልወጣ ስል እመት በላይነሽ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ መለሱኝ።

«እነዚያ ሰዎች ደግመው ቢልኩብኝ ምን ልበል?» አሉኝ።

«አያቷ እርስዎ ነዎት እመት። እርስዎ ያሉት ይሁን።»

«ጌታነህስ?»

«ጌታነህን ለኔ ይተዉት» አልኳቸው።

አሮጊቷ ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ በፊት ስመውኝ አያውቁም፤ የልጃቸውን ቦታ የወሰድኩ ነኝና። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ለአንድ ወር ብቻ ነው ያልኩት እኔው፣ ለዘላለም እንድትቀር ያደረግኩ እኔው።

ስንመለስ ጾሙ ገብቶ ነበር። ጌታነህ ጫማውንና የሰሎሞንን ጠርሙስ ይዞ አንኮበር ወረደ። ሲመለስ ጠርሙሱ የለም፤ ጫማው ግን በብብቱ ነበር። ከቅበላ በፊት ባለው እሑድ ድረዋታል። «መስጠት አቃተኝ» አለ፤ «የትምህርት ቤት ጫማ ነው።» ከዚያ ዐይኔን አየኝ። «አንቺ ፈቅደሻል አሉኝ እኮ። ጌታነህን ለኔ ይተዉት ብላኛለች አሉኝ።»

«ማርያምን አላልኩም» አልኩ።

አመነኝ። እንዴት አያምነኝም? ነጠላ አጣፍቶ ስለሚሄድ ክፋት ነግሬአችኋለሁ። ሊከስ ተነሣ፤ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃችን ወደቀ። የዛሬን ማርልን ብለው ሲያለቅሱ ከሽማግሎቹ እኩል የለመንኩት እኔ ነበርኩ። ለልጅቱ አዝኜ መሰለው። ዳኛ ፊት ከቀረበ እመት በላይነሽ እንደሚናገሩ ፈርቼ ነው። ክሱን ተወ፤ አማቱን ግን አልተወም። ውሸታም አሮጊት እያለ፣ ልጄን ሸጡ እያለ ኖረ። ከዓመታት በኋላ ሊሞቱ ሲሉ አንድ ቄስ ላኩበት፤ ቆርቤ ልሞት ነው፣ አልዋሸሁም በሉልኝ ብለው። ጌታነህ ቄሱን አልሰማም። እንግዳ ነውና ምሳ አቀረብኩ፤ ቄሱም መርቀውኝ ሄዱ። ለቀብራቸውም አልሄደም። በኛ አገር ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው እያደር ጨለመ።

አስካለ በአሥራ አራት ዓመቷ አረገዘች። ምጡ ብዙ ቀን ቆየባት፤ ልጁ አልተረፈም፣ እሷም ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ቀረች። በኋላ እግዜር ሌሎች ሰጣት። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ግን የኔ ውለታ አይደለም፣ መርጬላት አይደለምና። በየበዓሉ ቅቤ ይዛ ትመጣለች፤ እትዬ ብላ ጉልበቴን ትስማለች። ሰሎሞንና ሂሩት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሰው ሆኑ። ከሦስቱ ትምህርት ትወድ የነበረችው እሷ ናት። እመት በላይነሽን ስትጠራ አልሰማሁም፤ አባቷ ስለሚቆጣ ነው እል ነበር።

ጌታነህ የሞተ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ እሷ የዕድሩን ብርጭቆ ታጥባለች፣ እኔ መደቡ ላይ ተቀምጫለሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እትዬ» አለች፣ ከብርጭቆው ሳትነሣ፤ «አባባ አያቴን ይቅር ሳይሉ ሄዱ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ።

«ያን ዕለት እርስዎ ለአያቴ ሲነግሯቸው ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ልሰናበትዎ መጥቼ።»

«ታዲያ ለአባትሽ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁም። እንደኔው ደክሟት ነበር።

«ያባርሩዎት ነበራ። ሰሎሞንና ሂሩት ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩ። እናት ማጣትን አውቀዋለሁ።»

በሩ ይኸው ተከፍቶልኝ ነበር። ወርጄ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልወደቅኩም። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ብርጭቆዎቹ የሰው ናቸው፤ ቆጥረሽ መልሺ» አልኳት። ቆጥራ መለሰች። ቅቤዋንም እስከ ዛሬ አላቋረጠችም።

ጊዜው ነው፣ ልማዱ ነው፣ አያቷ አንቺ ባትፈቅጂም ይድሯት ነበር እንዳትሉልኝ። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አልረዳኝም። ልማዱ ድሬሰሩ ተመርዟል አለ ብሎ አልዋሸም። ልማዱ ማርያምን ብሎ አልማለም። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ የኔን ኃጢአት ተሸክማ፣ የአያቷ ስም ጭቃ ሲቀባ እያየች አፏን ዘግታ ልጆቼ ያለ እናት እንዳያድጉ አደረገችልኝ። ይቅር ብለንሻል ብላችሁ ትመልሱልኝ ይሆናል፤ ይቅርታው ግን የእናንተ አይደለም። የሷንም ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ያን ዕለት ከብርጭቆው ጋር የዋጥኩትን ግን አሁን ልበለው።

አስካለ፣ አያትሽ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።