አጎቴ ያረሙት የመጻጉዕ አስተንትኖ

የካቶሊክ መነኩሴ ነኝ። ገዳማችን ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም፤ ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፣ ዐቢይ ጾምንም ከነሰንበቶቹ እንደ አገሩ ሰው እንጾማለን። ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ በየሳምንቱ የእሑዱን ወንጌል ይዤ አንድ ገጽ ተኩል የምትሆን አስተንትኖ መጻፍ ነው። ጽሑፉ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይታደላል፤ በቴሌግራምም ይለቀቃል። ማን እንደሚያነበው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የተወለድኩት ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። ያሳደጉኝ አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ እዚያው ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ። ዳዊት ያስደገሙኝም እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ለትምህርት ሄጄ ካቶሊክ ገዳም መግባቴን ሲሰሙ፣ «እኔ ያስተማርኩት ልጅ ሞቷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብጽፍ አይመልሱም፣ ብደውል አይቀርቡም። ከበቅሎ ወድቀው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ሲላቸው እንኳ ልጠይቃቸው ብል «አይምጣ» አሉ።

አምና ጾሙ ሦስተኛ ሳምንቱን እንደያዘ ልጃቸው ደወለችልኝ። ንፋስ መውጫ ነርስ ናት።

«አባዬ ና ብሎሃል።»

ደነገጥኩ። «ባሰባቸው እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። የጻፍከው ስህተት አለበት ይላል።»

«የቱ?»

«የመጻጉዕ ነው፣ የካቻምናው። ስልኬ ላይ አግኝቼ አነበብኩለት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁሌም አነብለታለሁ። ገና ከበር ስገባ ‹ያ ልጅ ምን አለ?› ነው የሚለኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። የገዳሙ አለቃ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁና፣ «ሂድ፤ ታርመህ ና» ብለው ፈቀዱልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደረስኩ። አጎቴ መደቡ ላይ፣ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ፤ ቶሎም አላነሱትም። ስላለፉት ዓመታት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«በል አንብበው» አሉኝ።

አነበብኩ። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ የኖረው በሽተኛ ነው። ጌታ መዳን ትወዳለህን ሲለው፣ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ መለሰ። እኔ ይህን ይዤ ዘመድ ስለ መክዳቱ፣ ከተማው ሁሉ አልፎት ስለ መሄዱ፣ ማንም ዞር ብሎ ስላላየው ሰው በደንብ አድርጌ ጽፌ ነበር። ብዙ ሰው ወዶልኛል።

«ቁም» አሉኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ማን አበላው?»

መልሱን ከጽሑፌ ላይ ፈለግኩ።

«ማን አጠጣው? ልብሱንስ ማን አጠበለት?»

«ወንጌሉ አይናገርም፣ የኔታ።»

«አይናገርም። አንተ ግን ተናገርክ። ሰውዬው ወደ ውኃው የሚያወርደኝ የለኝም አለ እንጂ የሚያጎርሰኝ የለኝም መቼ አለ? ያን ሁሉ ዓመት በሕይወት ያቆዩትን ሰዎች ባንድ ገጽ ገደልካቸው።»

ልከራከር አስቤ ነበር፤ የተማርኩትን ሁሉ በልቤ ፈተሽኩት። ጽሑፉን አጥፌ አስቀመጥኩት።

«ነገ መጻጉዕ ነው» አሉ። «ማልደህ ተነስ።»

ሲነጋጋ ጎረቤቶቻቸው ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መሐል ጠፍር የተወጠረበት ነው። አጎቴ ከወደቁ ጀምሮ በየሰንበቱና በየበዓሉ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው እነዚህ ገበሬዎች መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። አራት ሊሆኑ ይገባ ነበር፤ የአንደኛው ሚስት ወልዳ ስለ ነበር ሦስት ናቸው። በባዶው ጫፍ ገባሁ።

በዕድሜ ጠና ያለው ገበሬ፣ «አባ፣ ይቅርብዎ» አለኝ በትሕትና። «እርስዎ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደሉም። ሰው ያወራል።»

አጎቴ ከቃሬዛው ላይ ሆነው፣ «የፈለግነው ትከሻውን ነው!» አሉ። «አንሱ!»

አነሳን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ቀሚሴ እግሬ ላይ ይጠላለፋል፣ አጣናው ትከሻዬን ይልጠኛል። ሌሎቹ ስለ ገብስ ዘርና ስለ ታመመ በሬ እያወሩ ይሄዳሉ። ጽድቅ የሚሠሩም ውለታ የሚውሉም አይመስሉም፤ ሥራቸው ነው። አጎቴም ከላይ «ቀኝ ያዙ፣ እዚያ ጋ ያዳልጣል» እያሉ ያዝዟቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስንደርስ አንድ ምእመን አጣናውን ተቀበለኝና ይዘዋቸው ገቡ። እኔ ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆምኩ። ወንጌሉ ሲነበብ በድምፅ ማጉያው ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ቃል ነው፤ ትከሻዬ እየጠዘጠዘኝ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ስንመለስ ያ ጠና ያለው ገበሬ ራሱ ጠራኝ። «አባ፣ አሁን በግራ ትከሻዎ ይያዙ፤ ቀኙ ደክሟል።»

ከሰዓት ብቻችንን ስንቀር አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ተቆጥቼ ነዋ! አሁንም ተቆጥቻለሁ። መንገድህ ልክ ነው አላልኩህም። ግን ስትጽፍ የኔ ትምህርት አለበት። ስህተቱን ሳላርም ብሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት፣ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ወደ ዕለቱ ወንጌል ከመግባቴ በፊት ስለ መጻጉዕ የጻፍኩት ስህተት እንደ ነበረ ለምእመናኑ ተናገርኩ፤ አጎቴ የጠየቁኝንም ጥያቄ እንዳለ ጠየቅኋቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴት ሰው እስኪወጣ ቆየችኝ። ባሏ አልጋ ከያዘ ብዙ ዓመቱ ነው፤ የምታስታምመው እሷ ናት።

«አባ፣ የዚያን ዓመቱን ጽሑፍ ቤቴ ወስጄ አንብቤ አልቅሻለሁ» አለችኝ። «አንቺ የለሽም ያሉኝ መሰለኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ይሁን። የዛሬውን ይስጡኝና ላንብብለት።»

የምሰጣት ወረቀት አልነበረም፤ እርማቱን በቃሌ ነበር የተናገርኩት። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና፣ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ እየጠበቀች፣ በእጄ ጻፍኩላት።