የመንደሩ አፍ

ሴሚሲ የፋንጋቫይ መንደር አፍ ናቸው። አለቃው ሌሳ ያስባሉ፣ ሴሚሲ ይናገራሉ፤ በሳሞአ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ንግግር ሲጀምሩ፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሕፃን እንኳ አያለቅስም ይባላል። ማጋነን ነው፤ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ግን አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንዲሉ፣ ከጥቂት መደብ ጎደሬ በቀር ምንም የሌላቸው ሰው በዚያ አንደበት ሠላሳ ዓመት ተከብረው ኖሩ። በቤተ ክርስቲያንም ዲያቆን ናቸው፤ እሑድ እሑድ ነጭ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ይቀመጣሉ።

በመንደሩ ያለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ከጓሮው ዛፍ ሥር ሌላ ጸሎት ጀመረ፤ ጭብጨባ፣ ጊታርና እንባ ያለበት። ሸንጎው ተቀመጠ፤ ቤተሰቡ ከመንደር ይውጣ ተባለ። ፍርዱን የተናገሩት ሴሚሲ ናቸው። ሁለት ደወል ያለው መንደር መንደር አይደለም አሉ። ሰዎቹ አሳማዎቻቸውንና ምንጣፎቻቸውን ጭነው ሄዱ። አባባሉ ግን እዚያው መንደር ቀረ፤ ልጆች ሳይቀሩ ሲደጋግሙት ሴሚሲ ይሰማሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ሰው በተሰደደበት ቃል መደሰት ደግ አይደለም፤ ያኔ ግን ይህን የሚላቸው አልነበረም።

ቀጥሎ ተራው የራሳቸው ቤት ሆነ። አንዲት ልጃቸው ፌቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ደካማ ነው፤ ዳገት ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ባሏ ሞሴ የተባረሩት ሰዎች ከመንደሩ ውጭ ወደቀጠሉት ወደዚያ አዲስ ጸሎት ወሰዳት። እጅ ጫኑባት፤ ተሻለኝ አለች። ብዙም ሳይቆይ ረቡዕ ረቡዕ ሰባት ስምንት ሰው በማድ ቤቷ ይሰበሰብ ጀመር።

ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ። ሌሳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የገዛ ልጅህ ናትና ዛሬ ዘንጉን ለሌላ ሰው ስጥ አሏቸው። ሴሚሲ እምቢ አሉ። በሰው ልጅ ላይ የተፈታ አፍ የራሱ ልጅ ላይ ሲደርስ ቢታሰር ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው። ተነሡና፣ ፌቱ በር ላይ ቆማ እያየቻቸው፣ ያንኑ ፍርድ ተናገሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባቸው ይኸው ነበር። ፌቱ ባሏንና የሦስት ዓመት ልጇን ላንጊን ይዛ በመርከብ ወደ ዋና ከተማው ወደ አፒያ ተሻገረች።

በአራተኛው ዓመት ሞሴ ደወለ። ፌቱ ሞታለች፤ ልቧ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሴሚሲ ስልኩን እንደያዙ ወደ ደጃፋቸው ወጡ። በዚያ አገር ሙታን ከቤት አይርቁም፤ የሚስታቸው የፓሌፓ መቃብር ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ፌቱ እዚያ ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጥ ነበር። ከመቃብሩ ጎን ባዶ ቦታ አለ፤ የእሷ ነው፤ ራሷም ታውቅ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሴሚሲ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም፤ ልጃቸው እዚያ ትረፍ።

ሸንጎው አይሆንም አለ። የተባረረ በሬሳም አይመለስም፤ ሕጉ ነው፤ ሕጉን ደግሞ ከሴሚሲ በላይ የሚያውቀው የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አንድ መንገድ ቀረ፤ ኢፎንጋ። የነፍሰ ገዳይ ወገኖች የሚያደርጉት ነው፤ የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ በተበዳይ ደጅ መንበርከክ። ምንጣፉን ካነሡልህ ይቅር ተብለሃል፤ ካላነሡልህ እዚያው ነህ። ሴሚሲ ፓሌፓ ለሰርጓ ያመጣችውን ምንጣፍ ከሣጥን አውጥተው፣ ጎህ ሲቀድ በሌሳ ደጅ ተንበረከኩ። ፀሐይ ወጣች። ከምንጣፉ ሥር የሚታያቸው የሰው እግር ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ጥቁር ጫማ መጥቶ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ሄደ። በኢፎንጋ አይናገሩም። ዕድሜ ልካቸውን በቃል የኖሩት ሰው ያለ ቃል ዋሉ። ሽንታቸው አመለጣቸው፤ አልተነሡም።

ቀትር ሲሆን ሌሳ ወጥተው ምንጣፉን አነሡት። የእሳቸውም ዓይን ቀልቷል።

"ትምጣ" አሉ። "የሚቀብራት ግን የእኛው መጋቢ ነው። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አንድም የመንደሩን መግቢያ ድልድይ አይሻገርም። ትቀበላለህ?"

"እቀበላለሁ" አሉ ሴሚሲ።

የሌላውን ሰው ንግግር በየቃሉ መመዘን ሥራቸው ነበር። ያን ቀን ግን አልመዘኑም፤ "ትምጣ" ከሚለው ወዲያ ጆሯቸው የሰማ አይመስለኝም።

ሐሙስ ዕለት ሬሳው መጣ። ሞሴና ነጭ የለበሱ ጥቂት ሰዎች ሣጥኑን ከወደቡ በፒክአፕ አምጥተው ድልድዩ ላይ ለመንደሩ ጎልማሶች አስረከቡ። ሣጥኑ ሲነሣ ላንጊም አብራ ተነሣች፤ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛለች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቆም ብሎ ሌሳን አየ። ሌሳ ሴሚሲን አዩ። ልጅቷ ያደገችው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷም ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ናት።

ሴሚሲ አፋቸውን ከፈቱ። ቢናገሩ ስምምነቱ ሊፈርስ፣ ሣጥኑም ወደ መኪናው ሊመለስ ይችላል። ላይፈርስም ይችላል። አላወቁም። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ሞሴ መጥቶ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ከእጀታው አላቀቀ።

ፌቱ ከእናቷ ጎን ተቀበረች። ሴሚሲ የምስጋናውን ንግግር አደረጉ፤ አለቆቹን በየማዕረጋቸው ጠሩ፣ አንድም ስም አልዘለሉም። እንዲህ ያለ ንግግር ሰምተን አናውቅም ተባለላቸው። እውነት ነው፣ ግሩም ንግግር ነበር። ምን ያደርጋል።

ከለቅሶ ምግብ የባል ወገን ድርሻ አይቀርም። ሴሚሲ የአሳማ ሥጋና ጎደሬ በቅርጫት ይዘው፣ ሰው ሳይልኩ ራሳቸው ወደ ድልድዩ ወረዱ። ሰዎቹ እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሞሴ ተነሥቶ ቅርጫቱን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

"ደክሞዎታል አባባ፣ አረፍ ይበሉ" አለ። ቢሰድባቸው ይቀላቸው ነበር።

ላንጊ ቀረበቻቸው።

"እማዬን የት አደረጋችኋት?"

"ከአያትሽ ጎን፣ ከቤታችን ፊት።"

ልጅቷ እሳቸውን አልፋ መንገዱን አየች። መንገዱ ኮኮናት ዛፎቹ ዘንድ ይታጠፋል። ያንን ቤት ያየችው በሦስት ዓመቷ ነው፤ አታስታውሰውም።

"አይታየኝም" አለች።

ሴሚሲ ቤቱን ሊነግሯት ሞከሩ። ጣሪያው ቀይ መሆኑን፣ ከደጃፉ ባሕሩ እንደሚሰማ። ልጅቷ ሳታስጨርሳቸው ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ እማዬን ከዚህ ያስወጣት ሰውዬ እኚህ ናቸው?"

ሞሴ አንገቱን ደፋ።

"አዎ" አሏት ሴሚሲ። "እኔ ነኝ።"