ዞር በይልኝ

አሮጌው ሕንጻ ከመፍረሱ በፊት ፎቶ እንዲያነሳው የተላከው ሰው ሸምገል ያለ ነው። ሕንጻ ፊት ሲንበረከክ ኖሮ የሱሪው ጉልበት ነጥቷል። ደረጃውን የምትጠርገው ሴት፣ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ ሰክቶ እንዳይጋደል ውሃ ልኩን ደጋግሞ ሲያይ ታዘበችው።

«ጋሼ፣ የርስዎ ካሜራ ቀና ማለት አያውቅም እንዴ? ጣራው እኮ አይገባም።»

«ቀና ካለማ ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፣ የኔ ልጅ። ካሜራው ንቅንቅ አይልም፤ ወደ ላይ የሚንሸራተተው ሌንሱ ብቻ ነው» አለና የሌንሱን ብሎን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረው።

ፎቶውን እንዳታበላሽበት መጥረጊያዋን ይዛ ከደረጃው ልትወርድ ስትል እጁን ዘረጋ።

«ተይ፣ እዚያው ሁኚልኝ። ባለቤቴን ዕድሜ ልኳን ዞር በይልኝ እንዳልኳት አለፈች። ቤታችን ከነደጃፉ፣ ከነመስኮቱ ቀጥ ብሎ ፎቶው አለኝ። እሷ ግን የለችበትም።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ካሜራው ቀጭ አለ። ሰውየው ግን ዓይኑን ከካሜራው አላነሳም።

«ጨረሱ፣ ጋሼ?»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

መጨረሱን ታውቃለች። ከደረጃው ሳትነሳ ቆየችለት።